ድስት የተደፋበት ባቄላ

የዛሬ ተማሪ መልሱን ይዞ ነው ወደ ጥያቄው የሚሄደው። አትቆጡኝ፣ አይቼ ነው የምናገረው። ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ የሳይንስ ፕሮጀክት አለብኝ ብላ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ደጅ የማይመጣ ማን አለ? መነጽሬን አድርጌ ባየው «ውጤት» ከሚለው ሥር ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ሙከራውን መቼ ሠራሽው ብላት፣ ቅዳሜ እሠራዋለሁ አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ልጁ ግን ተወልዷል።

ልቆጣት አሰብኩና ተውኩት። «እኔ በልጅነቴ…» ብዬ ስጀምር ማስቲካዋን ማኘኳን አቁማ፣ «እማማ፣ የጣልያኑን ጊዜ ነው?» አለችኝ። ደጋግማ እንደ ሰማች ሰው። አልሰማችም። የባቄላውን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ቀጥ ብዬ ማውራት አልችልበትም፣ ትንሽ እዞራለሁ፤ እናንተ ደግሞ ታገሱኝ።

ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ያኔ ሰፈሩ እንዲህ ቤት በቤት ላይ አልነበረም። ባሕር ዛፍ፣ ጭቃ ቤት፣ የጓሮ ጎመን፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። ዛሬ ቄራ በምንለው በኩል ሣር ብቻ ነው፤ ፈረስ ይግጥበታል። ወደ ላይ፣ ካዛንቺስ በምንለው በኩል ደግሞ ጣልያን ለሠራተኞቹ ቤት ይሠራል። የድንጋይ ቤት፣ ቀይ የሸክላ ክዳን፣ ከፊት ለፊቱ አበባ። እውነቱን ልናገር? ያምር ነበር። ጠላት የሠራው ቤት ያምራል ማለት ያኔም ያስቸግር ነበር፣ ዛሬም ያስቸግራል። ግን ዓይኔ ምን ያድርግ፣ አምሮት ነበር።

አባቴ ጸሐፊ ነበር። ፈረንሳይኛ ያነባል፣ ይጽፋል። ከዚያ ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ጣልያን የተማረ ሰው እየለቀመ ሲወስድ፣ እሱንም ወሰዱት። ጠዋት ነው፣ የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም። የት እንዳደረሱት አናውቅም። አንዱ ባሕር ማዶ ነው ይላል፣ ሌላው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ይላል። ከእስር የተፈታ አንድ ሰው ለእናቴ፣ እኛን ጨለማ ቤት ነው ያስቀመጡን፣ ፀሐይ የሚባል አናይም ነበር ብሎ ነገራት። አባቴን አይቶት እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበረም። እናቴ ግን ያቺን ጨለማ ቤት የምትባል ቃል ይዛ ቀረች። እህል ስትለቅም ትቆምና ወደ ሰማይ ታያለች። ዛሬ ፀሐይዋ ጥሩ ናት ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እናቴ፣ እትዬ በለጡ፣ አጭር ሴት ነበረች፤ ምላሷ ግን አጭር አልነበረም። ያባትሽን እጅ ያሳሰረው ብዕር ነው ትለኛለች። ማንበብ የማይችለው ጎረቤታችን ይኸው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቆሎውን ይጠብሳል። ምን ብዬ ልከራከራት? እውነቷን ነው፣ ሰውየው ይጠብስ ነበር፤ ሽታው እኛ ቤት ድረስ ይመጣል።

አስተማሪዬ ጋሼ ታደሰ ነው፣ የአባቴ ጓደኛ። ከጦርነቱ በፊት ተፈጥሮና ሒሳብ ያስተምር ነበር። በጣልያን ጊዜ ግን ኖራ ቀቢ ሆነ። ካዛንቺስ እነዚያን አዳዲስ ቤቶች ሲያነጣ ይውላል። ፊደል አልቆጠርኩም ብሏቸው ስሙ ሲጠራ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። እንደ እሱ ያለ የእጅ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ እሱ ግን ሰልፍ ቆሞ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ያትማል። አንድ ቀን ሳያስበው እስክሪብቶውን ተቀብሎ እንደ ጸሐፊ በሦስት ጣቱ ያዘው። አለቃው ዓይኑን ሲያፈጥበት ቶሎ ብሎ ጆሮውን ኮረኮረበት። ሁሉም ሳቀ፣ እሱም ተረፈ።

ማምሻውን በእኛ ጓሮ ሦስት ልጆች ያስተምራል። አንዷ እኔ፣ ተዋበች፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ሁለተኛው መርሻ፣ የቂርቆስ ደብተራ ልጅ፣ ምላሱ እንደ እናቴ። ሦስተኛው ሸምሱ፣ አባቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ማገዶ ይነግዳል። እንግዳ ሰው ከመጣ መርሻና እኔ ዳዊት እንማራለን፣ ጋሼ ታደሰ ግድግዳ ይመርጋል፣ ሸምሱ ደግሞ ማገዶ ሊያደርስ የመጣ ነው። ተባለ፣ ተስማማን። ግን ይሄ ዘዴ አንድ ጣጣ ነበረው። ሸምሱ በየቀኑ ማገዶ ተሸክሞ መምጣት አለበት። ጓሮአችን የእንጨት ክምር ሆነ። ጎረቤቶች እናቴን፣ እትዬ በለጡ፣ ድግስ አለ እንዴ ይሏታል። እናቴ፣ ምን ላድርግ፣ ብርድ አልችልም ትላለች። በግንቦት!

መጽሐፍ የለም። ሰሌዳ የለም። ጋሼ ታደሰ ከሚቀባቸው ቤቶች ኩሽና የተጣለ የሳልሳ ቆርቆሮ እየለቀመ ያመጣልናል። አንዲት ሲኞራ ሲለቅም አይታው፣ ይሄ ምስኪን መጠጫ የለውም ብላ አዝና የብርጭቆ ማሰሮ ሰጠችው። በቃ፣ መሣሪያችን ይኸው ነው። ቆርቆሮ፣ ማሰሮ፣ ክር፣ ድንጋይ፣ ከሰል።

እሱ ግን ምንም እንዳልጎደለው ሰው ነበር የሚያስተምረው። ትምህርቱ ብዙ ነው፣ አጠያየቁ ግን አንድ ነው ይለናል። ለመርሻ ስለ ድንጋይና ስለ እንቅስቃሴ፣ ለሸምሱ ስለሚዋሃዱ ነገሮች፣ ለእኔ ስለ ዕፅዋት ሰጠን። ዛሬ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ የምትሉት ነው። ሕጉ ለሁላችንም አንድ ነው። መጀመሪያ ይሆናል ብለህ የምታስበውን ሳታየው ተናገር። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን አትንካ። መጨረሻ፣ የመጣው ምንም ይሁን ምን አትዋሽ። ሦስተኛው ይከብዳል ይል ነበር። እኛ ሁለተኛው ነበር የከበደን፤ ልጆች ነንና፣ ምን የማንነካው ነገር አለ?

መርሻን ውሰዱ። ሁለት ድንጋይ በእኩል ክር አንጠልጥሎ፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል፣ የትኛው ቶሎ ቶሎ እንደሚወዛወዝ ይቁጠር ተባለ። ከባዱ ነው አለ መርሻ፣ በእርግጠኝነት። ግን ሰዓት የለንም። በምን እንለካው? መርሻ የደብተራ ልጅ አይደል፣ አቡነ ዘበሰማያት ልድገም፣ እስክጨርስ ስንቴ እንደተወዛወዘ ቁጠሩ አለ። ግሩም ሐሳብ! ቆጠርን። እውነትም ከባዱ በለጠ። ደስ አለው። ጋሼ ታደሰ ግን አገጩን ይዞ ሲያዳምጥ ቆየና፣ መርሻ፣ እንደገና ድገም አለው። ለካስ ልጁ ከባዱ ድንጋይ ሲሆን እንደ ዐቢይ ጾም ቅዳሴ ጸሎቱን ያስረዝመዋል። ቀላሉ ሲሆን ደግሞ ወጥ እንደሚያርበት ሰው ይሮጣል። አውቆ አይደለም እኮ! ልቡ ነው የሚያስሮጠው።

ጋሼ ታደሰ አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቆመውና የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ሳንነግረው አስደገመው። ሁለቱ ድንጋዮች እኩል ወጡ። መርሻ ዞሮ ባየ ጊዜ እንዴት እንደተናደደ! ጋሼ ታደሰም፣ አየህ፣ ሰው የሚወደውን መልስ ሲያይ ጸሎቱን እንኳ ያዛባል አለው። ይቺን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በኋላ ብዙ ትልልቅ ሰው አይቻለሁ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር የሚያስፈልገው።

ሸምሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲፈስበት እንዴት እንደሚፈላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሸምሱ ሲያየው ዓይኑ በራ። እንቁላል ይቀቅላል አለ። ጋሼ ታደሰ፣ ሞክረው፣ ግን አንድ ነገር ብቻ እየለወጥክ አለው። በመጀመሪያው ቀን እንቁላሉ ጥሬ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሸምሱ ኖራውን ጨመረ፣ ቆርቆሮውን ቀየረ፣ ውሃውንም አሙቆ መጣ። እንቁላሉ ድንጋይ ሆኖ በሰለ! ጨፈርን። ከዚያ ጋሼ ታደሰ፣ ታዲያ ማን አበሰለው አለ። ኖራው ነው? ቆርቆሮው ነው? የሞቀው ውሃ ነው? ሸምሱ ጭንቅላቱን አከከ። እንደገና ሥራው ተባለ፣ እንደገና ሠራው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ። ጊዜው ደግሞ ጾም ነበር። እኔና መርሻ እንቁላል አንቀምስም። እናም ሸምሱ በየቀኑ መረጃውን ልጦ ይበላል። ጋሼ ታደሰ ውጤቱን አሳየኝ ሲለው ሆዱን ይመታል። ያ ልጅ በዚያ የችግር ዘመን ወፍሮ የታየው በኬሚስትሪ ነው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ዞርኩ አይደል? መጣሁ።

አክስቴ ከቡልጋ ሰው ላከች። ልጅቷን ላኪልኝ፣ እዚህ ጣልያን አይደርስባትም፣ ለትዳሯም አንድ ደህና ሰው አስቤላታለሁ አለች። ደህናውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። አራት በሬ አለው፤ ጥርሱ ግን ከበሬዎቹ ቁጥር ያንሳል። እናቴ ግን ልቧ አዘነበለ። እዚህ ደጃችን ላይ ወታደር ያልፋል፣ ጓሮአችን ውስጥ የተደበቀ አስተማሪ አለ። አንድ ሰው አፉን ከከፈተ አለቅን። ባሏን ወስደዋል፣ የቀረኋት እኔ ነኝ። ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው እኔም ልጄን እልካት ነበር። ያኔ ግን ጠላኋት። ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ጠላኋት።

ጋሼ ታደሰ ለመናት። እባክዎ እትዬ በለጡ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት፣ አባቷ ቢኖር አይፈቅድም አላት። እናቴም፣ አባቷ ስላወቀ ነው እኮ የሌለው አለችው። ይሄ ትምህርትህ ምን ያደርግላታል? እሱም፣ የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት እንድታውቅ ያደርጋታል አለ። እናቴ ሳቀች። ጠንቋይ ነሃ! እንግዲያው ተናገርና እንይህ አለችው። ያልከው ከሆነ ልጅቷ ትማር፣ ካልሆነ ግን ቡልጋ ትሄዳለች። ቂርቆስን! ብላ ማለች። እናቴ በቂርቆስ ከማለች አለቀ፣ ደጁ ላይ ነው የምንኖረው። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ዕድሜዬ በሁለት ቆርቆሮ ባቄላ ሊቆረጥ ነው።

አዎ፣ ባቄላ። ለእኔ የደረሰኝ ሙከራ እሱ ነበራ። ጋሼ ታደሰ፣ ባቄላ አረንጓዴ የሚሆነው በምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ በእግዜር ፈቃድ ብዬ ነበር። ልክ ነሽ፣ ግን እግዜር በምን በኩል ፈቀደ አለኝ። በፀሐይ ይሆናል አልኩ። በይ እንግዲህ፣ ባቄላውን ጠይቂው አለኝ።

ሁለት የሳልሳ ቆርቆሮ። አንድ ዓይነት አፈር፣ በየቆርቆሮው ሦስት ሦስት ባቄላ፣ ማታ ማታ አንድ አንድ ስኒ ውሃ። ሁለቱም ከቤቱ ጀርባ ከጣራው ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልዩነቱ አንዱ ላይ ጆሮው የተሰበረ ትልቅ የሸክላ ድስት ይደፋበታል፤ ብርሃን አያይም። ሳልደብቅ ልናገር፣ እኔ ለአንደኛው ፍግ ላክልለት ብዬ ነበር። ጋሼ ታደሰ ጮኸብኝ። አታዳዪ! ለሁለቱም እኩል! እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ጥጥ እየፈተለች ታይ ነበር። አንዱን ጨለማ ውስጥ ከተህ አታዳዪ ትላለህ እንዴ ታደሰ፣ አለችው። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ጋሼ ታደሰ ትንቢቱን በሁላችን ፊት ተናገረ። ድስት የተደፋበት በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሲከፈት ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥኖ ይረዝማል። ያልተደፋበት አረንጓዴ ይሆናል። እናቴም፣ እሺ፣ ሰምተናል አለች። ለእኔ ደግሞ ማዘዣ ተሰጠኝ። ውሃ የማጠጣው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ ዳስሼ። ብታዪው ልብሽ እንደ መርሻ ጸሎት መሮጥ ይጀምራል አለኝ።

ዐሥራ አምስት ቀን እንዴት ይረዝማል! ማታ ማታ እዳስሰዋለሁ። ወጣ! አንገቱን አወጣ! ግን ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጣት ቀለም አያይም። በሕልሜ አክስቴን አያለሁ፣ አራቱን በሬዎች አያለሁ። ጠዋት ደግሞ እናቴ ገና ሳልነቃ፣ ተነሺ ውሃ ቅጂ ትለኛለች። ያን ሰሞን ደግሞ ቅርቡን ምንጭ አልፈለገችውም። ሩቁን ምንጭ ሂጂ፣ ውሃው ይጣፍጣል አለችኝ። መልስ መስጠት የለም። እንስራ ተሸክሜ ስሄድ ስመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ትደርሳለች። እናቴ ከቤቱ ጀርባ ጥጧን ይዛ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ምነው እዚህ ብላት፣ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው ትለኛለች። ብርድ አልችልም ያለችውን አስታውሼ አመንኳት። ሞኝ ነበርኩ፣ ማለቴ፣ ሕፃን ነበርኩ።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ነው፣ ጋሼ ታደሰ ሥራ የለውም። ታጥቦ መጣ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ኖራ ግን አልለቀቀም። መርሻ መጣ፣ ሸምሱም መጣ፣ እሑድ ሆኖ እንኳ ማገዶውን ተሸክሞ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላችን ቆመች። ጋሼ ታደሰ፣ አንቺው ግለጪው አለኝ። ድስቱን አነሣሁት።

አረንጓዴ ነው።

ቀጠን ብሏል፣ እንደ ወንድሙ አልደነደነም። ግን አረንጓዴ ነው። ቢጫ የለበትም፣ የገረጣ የለበትም። ሦስቱም ባቄላዎች ቅጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሸምሱ ማገዶውን ጣለው። መርሻ፣ ያ አፉ የማይዘጋው መርሻ፣ አፉን በእጁ ከደነ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ስለ ሳይንስ አይደለም ያለቀስኩት፣ ስለ ቡልጋ ነው።

ጋሼ ታደሰ ተንበርክኮ ቅጠሉን በጣቱ ገለበጠው። ምን ማለት አይችልም ነበር? አፈሩ ነው ማለት ይችላል። ድስቱ ቀዳዳ አለው ማለት ይችላል። ዘሩ መጥፎ ነው፣ ዐሥራ አምስት ቀን አይበቃም፣ ብዙ ማለት ይችላል። እናቴ በምን ታውቅበታለች? እሱ ግን ተነሣና አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ በለጡ፣ ያልኩት አልሆነም» አለ። «ለምን እንዳልሆነ አላውቅም። ግን አልሆነም። ሦስተኛው ሕግ ለእኔም ነው። ልጅቷን ይላኳት፣ ቃልዎ ቃል ነው።»

እንግዲህ እናቴ አሸነፈች። ዝም ብትል በቃ፣ የልቧ ሆነ። እኔ ቡልጋ እሄዳለሁ፣ እሷም እንቅልፍ ታገኛለች። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ዞሬ አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች። ታደሰን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ባቄላውን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልገባውም።

«የገለጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ውሃ ስትሄድ እገልጠዋለሁ፣ ልትመለስ ስትል እደፋበታለሁ። በየቀኑ።»

ሩቁ ምንጭ አሁን ገባኝ። የጣፋጩ ውሃ ነገር አሁን ገባኝ።

እናቴ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረች። ሙከራህን ላበላሽ ብዬ አይደለም አለችው። መጀመሪያ ባቄላ ነው ብዬ ተውኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንድሙ አጠገቡ ፀሐይ እየሞቀ እሱ ጨለማ ቤት፣ ምን አጥፍቶ ነው? ትንሽ ጊዜ ብገልጥለት ምን ይጎዳል ብዬ ነው። «እዚያም እኮ» አለች፣ «እዚያም አንድ ሰው እንዲህ ለአፍታ ገለጥ ቢያደርግለት ብዬ ነው። ላንዱ ካደረግሁ ለእሱም የሚያደርግለት አይጠፋ ይሆናል ብዬ።»

አባቴን ነው የምትለው። ስሙን አልጠራችም፣ ሁላችንም ግን ሰማነው። ጋሼ ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማንም አዙር ሳይለው። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። እኔ ሄጄ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። ጠልቻት የነበርኩት እኔ፣ ያዝኳት፣ አለቀቅኋትም።

ግን አስተማሪ አስተማሪ ነው። ጋሼ ታደሰ ዓይኑን በእጅጌው ጠራርጎ ዞረና፣ እንግዲያው ሙከራው አልተበላሸም አለ። አልተሠራም ማለት ነው እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ አልን፣ እርስዎን አልቆጠርንም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። እንደገና እንሠራዋለን። ሌላ ድስት፣ ሌላ ባቄላ፣ ሌላ ዐሥራ አምስት ቀን።

እናቴ፣ ሳይገለጥ፣ አለችው።

ሳይገለጥ አለ።

አንድም ቀን?

አንድም ቀን።

እናቴ ባቄላውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፣ በመርሻ ጸሎት አልለካሁትም።

«አይሆንም» አለች። «እሱን አልችልም። ልጅቷን አስተምራት፣ ባቄላውን ልቀቀው።»

እንዲህ ነው የተለቀቅኩት። ከባቄላው ጋር። መርሻ፣ አፉ ተመልሶለት፣ እትዬ በለጡ በቂርቆስ ምለዋል እኮ አለ። ምን ዓይነት ልጅ ነው! ልቤ ሊቆም። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከእሱ ጋር እኔው እነጋገራለሁ አለች። ቂርቆስም የእናቱ ልጅ ነው፣ ይገባዋል። ያን ቀን ተሳልማ ስትመለስ ፊቷ ደህና ነበር፤ የተነጋገሩ ይመስለኛል። አክስቴ እስከ ዕለተ ሞቷ አኮረፈችን። ደህናው ሰውዬም ሌላ አገባ፣ ልጅቷን እግዜር ይርዳት።

አባትሽስ ትሉኝ ይሆናል። ተመለሰ። ጣልያን ሊወጣ ሰሞን በሩን ገፍቶ ገባ፤ አላወቅሁትም። እናቴ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። በርጩማ አውጥታ ደጅ አስቀመጠችው፣ ፀሐይዋ መሐል። ሰው ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊለው ሲመጣ፣ ወደ ቤት እንግባ ሲሉ፣ አይቻልም ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ ቀን ቀን ደጅ ነበር። ብዙም አያወራም። አንዳንዴ ዓይኑን ይጨፍንና ፊቱን ቀና ያደርጋል። እኔ ከአጠገቡ አልጠፋም። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

እኔም ተማርኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ሌላ ምን ላስተምር፣ ሳይንስ ነው ያስተማርኩት። ያ ሙከራ በየዓመቱ መጽሐፉ ላይ አለ። ብርሃን ያላገኘ ተክል ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ይረዝማል ብዬ ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ። በፈተና ጠይቄያለሁ። ሌላ ነገር የጻፈውን ዜሮ ሰጥቻለሁ፣ በቀይ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝላችሁ። የገረጣውን ባቄላ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጡረታ እስክወጣ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር ባቄላ እንተክል ነበር፣ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን፣ ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከልጆቹ ቀድሜ የምገባውም እኔ ነኝ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ ሲከፈት አረንጓዴ ነው። በየዓመቱ። ልጆቹ ደንግጠው ወደ እኔ ያያሉ። እኔም አብሬያቸው እደነግጣለሁ።